የኤፍ.ኤም. አባት፦ የኤድዊን ሆዋርድ አርምስትሮንግ ሕይወትና ሥራ

በየስብሰባው አዳራሽ፣ በየቲያትር ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ዐውደ ምሕረት ላይ ተናጋሪው አንዲት ትንሽ ሳጥን ከመቀነቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ያለ አንዳች ገመድ ወዲያና ወዲህ እያለ ሲናገር ማየት ዛሬ ማንንም አያስደንቅም። ሳጥኗ ራሷን የቻለች ማሠራጫ ጣቢያ ናት። የምታወጣው ኃይል በጥቂት አሥር ሚሊዋት የሚቆጠር ሲሆን፣ በዙሪያዋ ያሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በብዙ ሺህ ዋት ያሠራጫሉ፤ የእጅ ስልኩ፣ የሊፍቱ ሞተር፣ የመድረኩ መብራትም እያንዳንዱ የየራሱን ረብሻ ወደ አየር ይለቃል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል የተናጋሪው ድምፅ ሳይበላሽ ከመቀበያው እንዲደርስ ያደረገውን መላ ያገኘው፣ በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት የሚበዙት ከንቱ ድካም ነው ያሉትን መንገድ ይዞ ብቻውን የተጓዘ አንድ መሐንዲስ ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች በሙያችን ከሚታወሱት ሰዎች የአንዱን ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ከኤድዊን ሆዋርድ አርምስትሮንግ ሌላ በአሳቤ የመጣ ሰው አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

አርምስትሮንግ ዲሴምበር 18 ቀን 1890 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ቼልሲ በተባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ የኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲ ማተሚያ ቤት የአሜሪካ ቅርንጫፍ ሠራተኛ፣ እናቱም መምህርት ነበሩ። ገና በልጅነቱ ጡንቻን ያለ ፈቃድ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ይዞት ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ቀረ። በሽታው ቢለቀውም፣ ስሜቱ በተነካ ቁጥር ትከሻውንና አንገቱን የሚያወዛውዘው ልማድ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ቤተሰቡ በ1902 ዮንከርስ ወደምትባለው ከተማ ተዛውሮ፣ ሀድሰን ወንዝን ቁልቁል በሚያይ ቤት ተቀመጠ። ልጁ የዚያን ቤት ጣሪያ ሥር በሽቦና በጠርሙስ መሣሪያ ሞላው፤ በግቢውም ውስጥ 38 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአንቴና ምሰሶ ለብቻው አቆመ። ከፍታ እንደሌሎች ልጆች አያስፈራውም ነበር፤ እንዲያውም ይስበው ነበር። ይህን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በ1909 ኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መማር ጀመረ። በየቀኑ ከዮንከርስ በሞተር ብስክሌት ይመላለስ ነበር። መምህራኑ ታዛዥ ተማሪ ነው አይሉትም፤ በመጽሐፍ የተጻፈውን በሥራ ፈትሾ ካላየ የማይቀበል ነበርና። በዚያን ጊዜ ሊ ዲ ፎረስት የሠራው አውዲዮን የሚባል ባለ ሦስት ክፍል ቫልቭ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ በውስጡ የሚሆነውን ግን ሠሪውም ጭምር በትክክል አልተረዳውም። አርምስትሮንግ የቫልቩን ጠባይ እየለካ በትዕግሥት አጠና። በ1912 ከቫልቩ የሚወጣውን ኃይል በከፊል ወደ መግቢያው መልሶ ቢሰጠው ሲግናሉ ደጋግሞ እንደሚጎላ፣ ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ቫልቩ ራሱ ሞገድ አመንጪ እንደሚሆን አገኘ። አንዱ ግኝት መቀበያውን አበረታ፤ ሁለተኛው የማሠራጫው ልብ ሆነ። ለፓተንት የሚከፈለው ገንዘብ በእጁ ስላልነበረ፣ ሥዕላዊ መግለጫውን ጃንዩዋሪ 31 ቀን 1913 በውል አረጋጋጭ ፊት አስመሰከረ። ማመልከቻውን ያስገባው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። እነዚያ የባከኑ ወራት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈሉት በኋላ አየው።

ዲ ፎረስት ይህን ሥራ ከሱ በፊት አግኝቻለሁ ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲንከባለል ኖሮ፣ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዲ ፎረስት ፈረደ። በሙያው ውስጥ ያሉት ሰዎች ዳኞቹ የቴክኒኩን ፍሬ ነገር ስተዋል አሉ። የሬዲዮ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት በ1917 የመጀመሪያውን የክብር ሜዳሊያ የሸለመው ለአርምስትሮንግ ነበር፤ ከፍርዱ በኋላም በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ሜዳሊያውን ሊመልስ መጣ። የማኅበሩ መሪዎች አንቀበልም አሉ፤ ሽልማቱንም በድጋሚ አጸኑለት። አንድ የሙያ ማኅበር ለአባሉ ሊያደርግለት የሚችለው ከዚህ የበለጠ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል መኰንን ሆኖ ፓሪስ ተላከ። በ1918 እዚያ ሳለ ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን የመቀበያ ዘዴ አወጣ። አሳቡ ቀላል ነው። የሚመጣው ሞገድ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ በመቀበያው ውስጥ ከሚመነጭ ሌላ ሞገድ ጋር ተደባልቆ ወደ አንድ ቋሚና ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማጉላቱም ሆነ ከጎረቤት ጣቢያ መለየቱ በዚያ በአንድ ቋሚ ድግግሞሽ ላይ ስለሚከናወን ማጣሪያው ጥሩ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የሬዲዮና የቴሌቪዥን መቀበያዎች፣ የገመድ አልባው ማይክሮፎን መቀበያም ጭምር፣ ከሞላ ጐደል ይህን መንገድ የተከተሉ ናቸው። እውነቱን ለመናገር በፈረንሣይ ሉሲየን ሌቪ፣ በጀርመንም ዋልተር ሾትኪ በዚያው ዘመን ተመሳሳይ አሳብ ላይ ደርሰው ነበር፤ ከአርምስትሮንግ ፓተንት አንቀጾችም የተወሰኑት ኋላ በክርክር ለሌሎች ተላልፈዋል። ዘዴውን በተግባር የሚያገለግል መሣሪያ አድርጎ ያወጣው ግን እሱ ነው።

ከጦርነቱ ሲመለስ ሻለቃ የሚል ማዕርግ ይዞ ነበር፤ ወዳጆቹም እስከ መጨረሻው በዚሁ ማዕርግ ጠሩት። ፓተንቶቹን ዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ገዛው። በ1922 ደግሞ ሌላ ግኝቱን አር.ሲ.ኤ. ለተባለው የሬዲዮ ኮርፖሬሽን በ200,000 ዶላርና በ60,000 አክሲዮን ሸጠለት። በዚህም ከኩባንያው ግለሰብ ባለ አክሲዮኖች ሁሉ ትልቁ እሱ ሆነ። ከኩባንያው አለቆች አንዱ ዴቪድ ሳርኖፍ የቆየ ወዳጁ ነበር። በ1914 ክረምት በኒው ጀርሲ ጠረፍ ላይ በሚገኝ ጣቢያ ሁለቱ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለው፣ በአርምስትሮንግ መቀበያ የሩቅ አገር ጣቢያዎችን ሲያዳምጡ አድረዋል። የሳርኖፍ ጸሐፊ የነበረችውን ማሪዮን ማኪኒስንም ያወቃት በዚሁ መንገድ ነው። በ1923 እሷን ለማስደነቅ ብሎ በኒው ዮርክ መሐል በሚገኝ ሕንፃ አናት ላይ የቆመውን የኩባንያውን የአንቴና ምሰሶ ወጣ፤ ከጫፉም ላይ ሆኖ ፎቶግራፍ ተነሣ። ሳርኖፍ ተቈጣ። ማሪዮን ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር አገባችው፤ የሠርግ ስጦታውም ራሱ የሠራው ተንቀሳቃሽ ሱፐርሄትሮዳይን ሬዲዮ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የዚያን ዘመን ማሠራጫዎች ሁሉ ድምፁን በሞገዱ ላይ የሚጭኑት የተሸካሚውን ሞገድ ከፍታ በመለዋወጥ ነበር፤ ዛሬ ኤ.ኤም. የምንለው ነው። መብረቅ፣ የሞተር ብልጭታና የኤሌክትሪክ መሥመር የሚለቁት ረብሻ ደግሞ በሞገዱ ላይ በይበልጥ የሚታየው እንዲሁ የከፍታ ለውጥ ሆኖ ነው። ስለዚህ መቀበያው የመልእክቱን ለውጥ ከረብሻው ለውጥ የሚለይበት ምልክት አልነበረውም፤ ሁለቱም በአንድ በር የሚገቡ እንግዶች ነበሩ። ነጎድጓድ በሚበዛበት ወራት በመካከለኛ ሞገድ ዜና ለመስማት የታገለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሳርኖፍ ይህን መንጣጣት የሚያስወግድ አንድ ትንሽ መሣሪያ ቢገኝ ይመኝ ነበር፤ ምኞቱንም ለአርምስትሮንግ ነግሮታል። አርምስትሮንግ በኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ፍልስፍና አዳራሽ ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ማጣሪያ ሲፈልግ ቆየ፤ አልተሳካለትም። ሊሳካም አይችልም ነበር፤ በአንድ በር የገባውን ከገባ በኋላ ለመለየት መሞከር ነበርና።

የከፍታውን ነገር ትቶ ድግግሞሹን መለዋወጥ የሚለው አሳብ ለራሱ አዲስ አልነበረም። ቀደም ሲል የሞከሩት ሰዎች ግን ጣቢያው የሚይዘውን የሞገድ ስፋት ለማጥበብ ብለው ያደረጉት ነበር። የቴሌፎን ኩባንያው ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ጆን ካርሰን በ1922 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ምኞት ከንቱ መሆኑን በማያሻማ ቀመር አሳየ፤ ዘዴው ድምፁን ከማበላሸት በስተቀር አንዳች ጥቅም እንደሌለው ደመደመ። ቀመሩ ትክክል ነበር፤ መደምደሚያው ግን ከቀመሩ አልፎ ሄደ። ካርሰን የመረመረው ጠባቡን ብቻ ነበር። አርምስትሮንግ ነገሩን ገለበጠው። ስፋቱን ለማጥበብ በመታገል ፈንታ እጅግ ቢያሰፉትስ፣ ረብሻው የቱን ያህል የድግግሞሽ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል ብሎ ጠየቀ። መልሱም እጅግ ጥቂት የሚል ሆነ። ረብሻው የሞገዱን ከፍታ እንደልቡ ሊያወዛውዝ ይችላል፤ ያን ውዝወዛ ግን መቀበያው ውስጥ ያለው ሊሚተር የተባለ ክፍል እኩል አድርጎ ይቈርጠዋል። የሞገዱን ድግግሞሽ በብዙ ሺህ ኸርዝ ማንቀሳቀስ ግን ለረብሻው አይቻለውም።

ነገሩን በቍጥር ለማየት፣ የኤፍ.ኤም. ጣቢያ ተሸካሚ ሞገድ ወደ ላይና ወደ ታች እስከ 75 ኪሎኸርዝ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሸከመው ድምፅ ከፍተኛ ድግግሞሽ 15 ኪሎኸርዝ ነው። የሁለቱ ንጽጽር 5 ነው። በእኩል ተሸካሚ ኃይል ከሚሠራ የኤ.ኤም. ጣቢያ ጋር ሲወዳደር፣ ድምፁ ከጫጫታው የሚበልጥበት መጠን በዚህ ንጽጽር ካሬ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 75 ጊዜ ያድጋል፤ በዴሲቤል 19 ያህል መሆኑ ነው። ሌላ ትርፍም አለ። በአንድ ድግግሞሽ ላይ ሁለት ጣቢያዎች ቢገናኙ በኤ.ኤም. ሁለቱም ተደባልቀው ይሰማሉ፤ በሰፊው ኤፍ.ኤም. ግን ብርቱው ደካማውን ፈጽሞ ይውጠዋል። በእርግጥ ይህ ጥቅም የሚገኘው ሲግናሉ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ መበላሸቱ ቀስ በቀስ አይደለም፤ በድንገት ወደ ጩኸት ይለወጣል። ተናጋሪው ከመድረክ ወርዶ ከአዳራሹ ጥግ ሲደርስ ማጉያው በድንገት የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሠራጫውንም እንዲሁ ከሥሩ አሰበው። የአንድን ሞገድ አመንጪ ድግግሞሽ በቀጥታ ብናወዛውዘው ጣቢያው ከቦታው እየተንሸራተተ ያስቸግራል። ስለዚህ አርምስትሮንግ በክሪስታል የሚጸና ዝቅተኛ ድግግሞሽ ወሰደ፤ ድምፁም የዚህን ሞገድ ፌዝ በእጅጉ ጥቂት ብቻ እንዲያዛውር አደረገ፤ ከዚያም ጠቅላላውን በተከታታይ ቫልቮች በሺህ ጊዜ አባዛው። ሲባዛ ትንሿ መዛወር ሰፊ መወዛወዝ ትሆናለች፤ መሠረቱ ክሪስታል በመሆኑም ጣቢያው ከቦታው አይነቃነቅም። ዘዴው ብዙ ቫልቭ የሚበላ ቢሆንም ለዓመታት የታመነ ሆኖ ኖሯል።

ፓተንቶቹ የተሰጡት ዲሴምበር 26 ቀን 1933 ነው። ሳርኖፍ መሣሪያውን መጥቶ አየ። የጠበቀው ማጣሪያ ነበር፤ ያገኘው ግን በሥራ ላይ ያለውን ማሠራጫና መቀበያ ሁሉ የሚሽር አዲስ ሥርዓት ነበር። ያም ሆኖ በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ 85ኛ ፎቅ ላይ ባለው የኩባንያው ጣቢያ እንዲሞክር ፈቀደለት። በጁን 1934 ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ርቆ ሎንግ አይላንድ ላይ የተተከለው መቀበያ፣ የነጎድጓድ ጊዜ ሳይቀር ያለ ጫጫታ ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ኩባንያው ቦታውን ለቴሌቪዥን ሙከራ ስለፈለገው አርምስትሮንግ መሣሪያውን እንዲያነሣ ተጠየቀ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወዳጆች በየፊናቸው ሄዱ።

ኖቬምበር 5 ቀን 1935 የሬዲዮ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት በኒው ዮርክ በጠራው ስብሰባ ላይ አርምስትሮንግ ጥናቱን አነበበ። ንባቡን ሲጨርስ ዮንከርስ ከሚገኘው ከወዳጁ ከራንዶልፍ ረንዮን አማተር ጣቢያ የሚመጣውን ስርጭት አሰማ። ጣቢያው አነስተኛ ኃይል ያለው ነበር፤ የተጠቀመበትም ሞገድ በዚያን ጊዜ ለምንም አይረባም ተብሎ የተተወ ነበር። በመጀመሪያ አዳራሹን የሞላው ጸጥታ ነው፤ የጠፋ መቀበያ እንጂ የሚሠራ መቀበያ እንደዚያ ዝም ሲል ማንም ሰምቶ አያውቅም ነበር። ቀጥሎ ውኃ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳ፣ ወረቀትም ሲጨመደድ ተሰማ። በዚያ የነበሩት ሰዎች በኤ.ኤም. ሬዲዮ እነዚህን ሁለት ድምፆች ከመንጣጣት መለየት እንደማይቻል የሚያውቁ መሐንዲሶች ነበሩ። ስለዚህ የተመረጡት ድምፆች ለሙዚቃ ወዳጅ ሳይሆን ለባለሙያ ጆሮ የተዘጋጁ ነበሩ ማለት ይቻላል።

በመቀነት የምትታሰረው ሳጥን የዚህ ሥራ የልጅ ልጅ ናት። በአናሎግ የሚሠራውን ገመድ አልባ ማይክሮፎን ከፍተን ብናይ፣ ድምፁ ወደ ሞገዱ ከመድረሱ በፊት ሁለት ነገር ይደረግበታል። አንደኛ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ሆን ተብሎ ከፍ ይደረጋል። የኤፍ.ኤም. ጫጫታ ከድምፁ ድግግሞሽ ጋር እያደገ ስለሚሄድ፣ መቀበያው ያንኑ ክፍል በዚያው መጠን መልሶ ሲያወርደው ጫጫታው አብሮ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ኮምፓንደር በተባለው ዘዴ የድምፁ ዝቅተኛና ከፍተኛ ልዩነት በግማሽ ይታመቃል። 100 ዴሲቤል የነበረው ልዩነት 50 ሆኖ በአየር ላይ ይጓዛል፤ በመቀበያው በኩል እንደገና ይዘረጋል፤ በመንገድ ላይ የገባው ጫጫታም በዝምታ ጊዜ ከመሰማት በታች ይወድቃል። ጥሩ ጆሮ ያለው ቴክኒሺያን ቁልፍ በማይክሮፎኑ ፊት እያንሿሿ ዘዴው በትክክል መሥራቱን ይፈትሻል፤ መጥፎ ኮምፓንደር በዚህ ጊዜ ሲተነፍስ ይሰማልና። ከዚህም ሌላ ማሠራጫው የሰው ጆሮ የማይሰማው አንድ ቋሚ ምልክት ከድምፁ ጋር ይልካል፤ መቀበያው ያን ምልክት ካላገኘ በሩን አይከፍትም። መቀበያው ሁለት አንቴና የሚኖረውም ከግድግዳ የሚመለሰው ሞገድ በአንደኛው ላይ ሲግናሉን ቢያጠፋው ከሁለተኛው እንዲወስድ ነው። ዛሬ በዲጂታል የሚሠሩት እየበዙ ነው፤ እነሱ ኮምፓንደር አያስፈልጋቸውም፤ ይልቁንም ድምፁን ወደ ቍጥር ለውጠው ይልካሉ።

ብዙ ማይክሮፎን በአንድ መድረክ ላይ ሲሠራ የሚመጣው ችግር ግን ሌላ ነው። ሁለት ማሠራጫዎች ሲቀራረቡ የአንደኛው ሞገድ በሌላው ማጉያ ውስጥ ገብቶ ሦስተኛና አራተኛ ሞገድ ይወልዳል። ለምሳሌ በ600 እና በ601 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ማይክሮፎኖች በ599 እና በ602 ላይ ማንም ያልጠራቸው እንግዶች ያመጣሉ። ስለሆነም ድግግሞሾቹን እኩል እኩል አራርቆ መደርደር፣ ለዓይን የተስተካከለ ቢመስልም፣ ከሁሉ የከፋው አመዳደብ ነው። በሁለት ጎን ለጎን አዳራሾች ስብሰባና ሠርግ በአንድ ቀን ውለው፣ የሙሽሮቹ ዘፈን በጉባኤው ማጉያ ሲወጣ ያላጋጠመው ባልደረባ በመካከላችን ጥቂት ይመስለኛል። እዚያ ላይ ብርቱው ደካማውን የሚውጥበት ያ ጠባይ ለእኛ ሳይሆን ለሙሽሮቹ ሠርቷል።

ወደ አርምስትሮንግ እንመለስ። ማንም ካልረዳው በራሱ ገንዘብ ሊሠራው ቈረጠ። በኒው ጀርሲ አልፓይን በተባለው ገደል አፋፍ ላይ ከ120 ሜትር በላይ የሚረዝም ባለ ሦስት ክንድ ምሰሶ አቁሞ በ1938 ማሠራጨት ጀመረ፤ ወጪው ከ300,000 ዶላር በላይ ነበር። በኒው ኢንግላንድ ያንኪ ኔትወርክ የተባለው ድርጅት ተከተለው። በ1940 የመንግሥቱ የመገናኛ ኮሚሽን ከ42 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ለኤፍ.ኤም. ሰጠ። በዚያው ዓመት አር.ሲ.ኤ. ፓተንቱን ለመጠቀም አንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ልክፈል ቢለው አልተቀበለም። ሌሎቹ ኩባንያዎች ከሚሸጡት ሁሉ መቶኛ እየከፈሉ ትልቁን ኩባንያ በተለየ ዋጋ ማስተናገድ ለሱ ፍትሕ አልመሰለውም። የሒሳብ ሰው ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ይወስድ ነበር፤ በአቋሙ ግን ልናማው የምንችል አይመስለኝም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ፓተንቶቹን ለአሜሪካ ጦር ያለ ክፍያ ለቀቀ፤ የታንኮቹም ሬዲዮ በሞተር ጫጫታ መካከል የሠራው በኤፍ.ኤም. ነው።

ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ በጁን 1945፣ ኮሚሽኑ ኤፍ.ኤም. ካለበት ክልል ተነሥቶ ወደ 88 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ እንዲዛወር ወሰነ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው፣ የፀሐይ ነቍጦች በሚበዙበት ዘመን ከላይኛው አየር የሚንጸባረቅ ሞገድ ጣቢያዎቹን ያጠላልፋቸዋል የሚል ስሌት ነበር። አርምስትሮንግና ሌሎች ባለሙያዎች ስሌቱን ተቃወሙ፤ አልተሰሙም። በሕዝብ እጅ የነበሩት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መቀበያዎች፣ የቆሙትም ጣቢያዎች ዋጋ አጡ። የሚያስገርመው፣ ከተለቀቀው ክልል ከፊሉ ወዲያው ለቴሌቪዥን ተሰጠ፤ የፀሐይ ነቍጥ ለቴሌቪዥን የሚራራ ይመስል። እኔ እንደማስበው የአዲሱ ክልል ሞገድ መጥፎ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በ97.1 የምንሰማው ጣቢያ የሚሠራው በዚሁ ክልል ነው። በደሉ ከሞገዱ ሳይሆን ከጊዜውና ከአወሳሰኑ ላይ ነው። የገመድ አልባ ማይክሮፎን ባለቤቶችም በአሜሪካ ይህንኑ ጽዋ ሁለት ጊዜ ጠጥተዋል፤ በ2010 ከ700 ሜጋኸርዝ ክልል፣ በ2020 ደግሞ ከ600ው አብዛኛውን ለተንቀሳቃሽ ስልክ ለቀው እንዲወጡ ተገደዋል። ደህና የሚሠራ መሣሪያ በአንድ ቀን ሕገ ወጥ ሲሆን ያየ ባለሙያ አርምስትሮንግን ለመረዳት ብዙ አያስቸግረውም።

አር.ሲ.ኤ. በበኩሉ የራሴ ነው በሚለው ኤፍ.ኤም. የተሠሩ መቀበያዎችን ያለ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ ሌሎች ኩባንያዎችም አርአያውን ተከተሉ። በጁላይ 1948 አርምስትሮንግ ከሰሰ። የተከሳሹ ጠበቆች ጊዜ በማን በኩል እንዳለ ያውቁ ነበር፤ በቅድመ ምርመራው አንድ ዓመት ያህል እሱኑ ሲጠይቁት ቆዩ። በ1950 መሠረታዊ ፓተንቶቹ ዘመናቸው አለፈ። ሀብቱ ለጠበቃ፣ ለምርምርና ለአልፓይን ጣቢያ አለቀ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ካርሰን ሲፈርድበት ያልተበገረው፣ ሳርኖፍ ሲሸኘው ተስፋ ያልቈረጠው፣ እውነት ከታየች በኋላ ሰው ሊክዳት አይችልም ብሎ ስለሚያምን ነው። በላቦራቶሪ ይህ እምነት ኤፍ.ኤም.ን ሰጠን። በፍርድ ቤት ግን ያው እምነት ከስምምነት አገደው፤ ዕርቅ ባቀረቡለት ቁጥር እውነቱ በግማሽ የተሸጠ መሰለው። አንዱን ወድደን ሁለተኛውን መንቀፍ የሚቻል አይመስለኝም፤ ሰውየው አንድ ነበርና።

ማሪዮን ዕርቅ እንዲያደርግና እንዲያርፍ ደጋግማ መከረችው። በኖቬምበር 1953 በዚሁ ጉዳይ ተጣልተው እጅ እስከ ማንሣት ስለደረሰ ትታው ወደ እኅቷ ሄደች። ሠላሳ ዓመት ያልተለየችው ሚስቱ ከሄደች በኋላ ሰውየው ጨርሶ ብቻውን ቀረ። ጃንዩዋሪ 31 ቀን 1954 ሌሊት ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ከዚያም ከሚኖርበት ከ13ኛው ፎቅ በገዛ እጁ ወደ ሞት ሄደ። የ63 ዓመት ሰው ነበር። ዕለቱ የመጀመሪያውን ግኝቱን በውል አረጋጋጭ ፊት ካስመሰከረበት ቀን ጋር አንድ ነው፤ መካከሉ 41 ዓመት ነው።

ማሪዮን በዚያው ዓመት ከአር.ሲ.ኤ. ጋር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ገንዘብ ታረቀች፤ ባሏ በ1940 አልቀበልም ካለው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ለራሷ ዕረፍትን የመረጠች ሲመስል ግን ሌሎቹን ኩባንያዎች አልለቀቀቻቸውም። አንድ በአንድ እየከሰሰች ረታቻቸው፤ የመጨረሻው፣ የሞቶሮላ ኩባንያ ክስ የተቋጨው በ1967 ነው። በክርክሮቹ የተጻፉት ፍርዶች የሰፊው ኤፍ.ኤም. ፈልሳፊ አርምስትሮንግ መሆኑን አረጋገጡ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም በ1955 ስሙን ከአምፔር፣ ከቤልና ከማርኮኒ ጋር በክብር መዝገቡ አስፍሮታል።

የአልፓይን ምሰሶ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ሲፈርሱ በአናታቸው የነበሩት የኒው ዮርክ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንቴናዎችም አብረው ወደቁ። ከጣቢያዎቹ በርከት ያሉት ቦታ እስኪያገኙ ድረስ ስርጭታቸውን የቀጠሉት አርምስትሮንግ ካቆመው ከዚያ ምሰሶ ላይ ነበር።